ድርቅ ሲገባ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ውሃ መያዝ፦ ከየት ይጀመራል፣ ምን ይለካል፣ ምን ይቀነሳል

ድርቅ እንደ ጎርፍ ባንዴ ደርሶ በር አይሰብርም፣ ዝናቡ ትንሽ ይዘገያል፣ ከዛ ይመጣና ቶሎ ያቋርጣል፣ ምንጩ ይቀጥናል፣ በየቀኑ ይመጣ የነበረው ቧንቧ በሳምንት ሁለቴ ይሆናል፣ ሰውም "ዛሬ ነገ ይዘንባል" እያለ እንደለመደው መጠቀሙን ይቀጥላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ፣ ድርቅም እንደዛው ነው። ቁጠባ የምንጀምረው ብዙ ጊዜ ሮቶው ባዶ ሲሆን ነው፣ ያኔ ደሞ የሚቆጠብ ነገር አይኖርም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ነገር በሙሉ ውሃው ገና እያለ፣ መቀነሱ እንደታወቀ ወዲያው የሚጀመር ነው። አንድ ነገር ደሞ ከሁሉም በፊት ልበል፣ ብቻችሁን አትጀምሩት። አንዱ ቤት አንጀቱን አስሮ ቢቆጥብና ጎረቤቱ በውሃ ጎማ ግቢ እያጠበ ከሆነ፣ ከአንድ መስመር ወይ ከአንድ ጉድጓድ እስከቀዳችሁ ድረስ ትርፉ ድካም ነው። ሰውን የሚያስማማው ቁጥር ነው፣ የጋራው ውሃ ምን ያህል እንደቀረ፣ በቀን ምን ያህል እንደሚወጣ ሁሉም ሊያየው በሚችል ቦታ ተጽፎ ሲቀመጥ ሰው ይቆጥባል፣ ካልተጻፈ ግን ሁሉም "እነ እንትና እያባከኑ እኔ ለምን" እያለ ተያይዞ ይጨርሰዋል።

የቱ ውሃ ነው የጎደለው?

ድርቅ አንድ አይነት ብቻ አይደለም። ዝናብ ከተለመደው ሲያንስ አንድ ነገር ነው፣ አፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት አልቆ ተክል ሲጠወልግ ሌላ ነው፣ ወንዙ፣ ግድቡ፣ ጉድጓዱ ሲወርድ ደሞ ሌላ። ሶስቱ አብረው አይመጡም፣ አብረውም አይሄዱም። አፈር በጥቂት ሳምንት ይደርቃል፣ የከርሰ ምድር ውሃ ግን ለመውረድም ለመሙላትም ወራት፣ አንዳንዴም አመታት ይፈጅበታል። ጉድጓድ የምትጠቀሙ ሰዎች ዝናቡ ቀርቶ ጉድጓዱ እንዳለ ስታዩት "እኛን አልነካንም" አትበሉ፣ እዳው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ደሞ በተቃራኒው ሁለት ሶስት ጊዜ ጥሩ ዝናብ ጥሎ ሳሩ ሲለመልም ድርቁ አለቀ ብሎ ሁሉን ነገር መልቀቅ አለ፣ ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፣ ላይ ላዩ አረንጓዴ ሆኖ ከስር ያለው ውሃ ገና እየወረደ ሊሆን ይችላል።

በባልዲና በስልክ ሰአት መለካት

ምንም መሳሪያ አያስፈልግም፣ ስንት ሊትር እንደሚይዝ የምታውቁት ባልዲ እና የስልክ ሰአት ይበቃል። 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከቧንቧው ስር አስቀምጣችሁ እስከመጨረሻው ክፈቱት፣ በ1 ደቂቃ ከሞላ ቧንቧችሁ በደቂቃ 10 ሊትር ያወርዳል፣ በ40 ሴኮንድ ከሞላ 15 ሊትር ነው ማለት ነው። ሻወሩንም እንደዛው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያወርድ ሻወር ስር 8 ደቂቃ የቆመ ሰው 80 ሊትር ተጠቅሟል፣ ያ ማለት አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፣ ጀሪካኖቹን ተሸክሞ ለሚያውቅ ሰው ይሄን ስትነግሩት ፊቱ ላይ ነው የምታዩት። እያንዳንዱን ቧንቧ ለኩና ቁጥሩን በማርከር እዛው ግድግዳው ላይ ጻፉት።

ቆጣሪ ካላችሁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰአት አንብቡ፣ ብዙዎቹ ቆጣሪዎች ላይ ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኩብ ናቸው፣ ቀዮቹ ደሞ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ያሳያሉ፣ 1 ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው። የዛሬውን ከትናንቱ ቀንሱ፣ በቤቱ ሰው ቁጥር አካፍሉ፣ አለቀ። ቆጣሪ የሌለው ደሞ ጀሪካን ይቁጠር፣ አንድ ጀሪካን በተጨረሰ ቁጥር በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ማስመር ነው፣ ልጆች ይሄን ስራ ስትሰጧቸው ከማንም በላይ ይጠነቀቃሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አትቀንሱ፣ እንደለመዳችሁት ተጠቀሙና ጻፉ ብቻ፣ ምክንያቱም መነሻው ካልታወቀ በኋላ ቀነስን አልቀነስንም ብሎ መከራከር ነው የሚተርፈው።

ከሰው በፊት ፍሳሹ

እኔ ሁሌም የምለው ሰውን ውሃ ከመከልከል በፊት መሬቱን እንከልክል ነው። ማታ ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ፣ ሮቶ እየሞላ እንዳልሆነ አረጋግጡ፣ ከዛ ባትሪ ይዛችሁ ቆጣሪው ጋ ሂዱ። አብዛኞቹ ቆጣሪዎች መሃል ላይ ትንሽ ሶስት ማዕዘን ወይም ኮከብ የመሰለች የምትዞር ነገር አለች፣ በጣም ስስ ነች፣ ቀጭን ፍሳሽ እንኳን ያዞራታል። ጸጥ ብላ ከቆመች ደህና ናችሁ፣ ቀስ እያለችም ቢሆን ከዞረች ግን የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። የምትዞር ነገር ከሌለው አሃዙን ፎቶ አንሱና ሳትጠቀሙ አድራችሁ ጠዋት ሌላ ፎቶ አንስታችሁ አወዳድሩ። ከዛ ወደ ሽንት ቤት የሚሄደውን መዝጊያ ዝጉ፣ መዞሯን ካቆመች ጥፋተኛው ሽንት ቤቱ ነው፣ ካላቆመች ወደ ሮቶ የሚሄደውን ዝጉ፣ እንዲ እንዲ እያላችሁ አንድ በአንድ ታገኙታላችሁ።

ሽንት ቤት ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ትልቅ ሌባ ነው፣ ምክንያቱም ድምጽ የለውም፣ ውሃው በገንዳው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ነው የሚወርደው። የፍላሹን ታንከር ክዳን ክፈቱና የምግብ ቀለም ወይም ቀለሙ ጠንከር ያለ ነገር ጥቂት ጠብ አድርጉበት፣ ፍላሽ ሳታደርጉ 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ቀለሙ ወደ ታችኛው ገንዳ ከወረደ ከስር ያለችው ጎማ አልቃለች ማለት ነው፣ ትቀየር። ውሃው ደሞ ከላይ በቆመችው የትርፍ ውሃ ቱቦ በኩል እየገባ ከሆነ ተንሳፋፊዋን ዝቅ አድርጓት፣ የውሃው ልክ ከቱቦዋ አፍ 2 ወይ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

ጠብታም አትናቁ። ወደ 4000 ጠብታ 1 ሊትር ይሞላል፣ በየሴኮንዱ አንድ ጠብ የሚል ቧንቧ በ24 ሰአት ከ86 ሺህ በላይ ጠብታ ነው፣ ወደ 20 ሊትር ማለት ነው፣ በድርቅ ጊዜ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ሊሆን የሚችል ውሃ ነው። ብዙ ጊዜ መፍትሄው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጎማ መቀየር ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ ይሄን የሚችል አንድ ሰው አይጠፋም፣ እና የመጀመሪያው የጋራ ስራ ይሄ ይሁን፣ አንድ ቅዳሜ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠብ የሚለውን ሁሉ ማስተካከል፣ በተለይ አዛውንት ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት።

የጋራ መስመር ላይ ዋና ቆጣሪ ካለ ደሞ የዋናውን ከቤቶቹ ድምር ጋር አስተያዩ። ለምሳሌ ዋናው በሳምንት 30 ሜትር ኩብ ብሎ የቤቶቹ ድምር 22 ከሆነ 8 ሜትር ኩብ መሬት ውስጥ ገብቷል፣ ወይም የማይቆጠር ሰው አለ። ሌላው ሁሉ ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ሳሩ አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ሁሌ ጭቃ ከሆነ እዛ ጋ ቆፍሩ።

ምን ይቀነስ፣ ምን አይነካ

የአለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው አብዛኛውን ፍላጎቱን ለማሟላት በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይላል። በአደጋ ጊዜ ስራ ላይ የሚውለው ስፊር የሚባለው የሰብአዊ እርዳታ መመዘኛ ደሞ ዝቅተኛውን 15 ሊትር ያደርገዋል፣ ከዛ ውስጥ ለመጠጥና ለምግብ 2.5 እስከ 3፣ ለንጽህና 2 እስከ 6፣ ለማብሰል 3 እስከ 6 ሊትር ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዟቸው፣ እቅዳችሁ በነሱ መሃል ነው የሚውለው፣ 15 ወለል ነው እንጂ ግብ አይደለም፣ ሰው በ15 ሊትር ለወራት እንዲኖር አታቅዱ።

ቅደም ተከተሉ ለኔ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፍሳሽ፣ ቀጥሎ ከቤት ውጪ ያለው፣ መኪና ማጠብ፣ ግቢ ማጠብ፣ ሳር ማጠጣት፣ ከዛ ሽንት ቤት፣ ከዛ ገላ፣ ከዛ ልብስ። መጠጥ እና እጅ መታጠብ ግን አይነኩም። ይሄን አጥብቄ የምለው በድርቅ ጊዜ ሰው መጀመሪያ የሚተወው እጅ መታጠብን ስለሆነ ነው፣ ከዛ ተቅማጥ ይነሳል፣ ህጻን ሲታመም ደሞ የሚያስፈልገው ውሃ ይጨምራል፣ ለመጠጡም ለማጠቡም። እጅ ለመታጠብ ብዙ ውሃ አያስፈልግም፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ላይ በጋለ ምስማር ሁለት ሶስት ቀዳዳ አበጅታችሁ በገመድ አንጠልጥሉት፣ ዘንበል ሲደረግ በቀጭኑ ይወርዳል፣ ሳሙናውን ከጎኑ እሰሩት፣ በጣም ትንሽ ውሃ ነው የሚፈጀው።

ሽንት ቤት ላይ አሮጌዎቹ ታንከሮች ባንድ ፍላሽ ከ9 እስከ 13 ሊትር ይለቃሉ፣ አዳዲሶቹ 6 ወይም ለሽንት 3 ናቸው። አሮጌ ከሆነ ውሃ የሞላ ባለ 1 ወይ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ታንከሩ ውስጥ አስቀምጡ፣ ተንሳፋፊዋን እንዳይነካ ብቻ፣ ያን ያህል ውሃ በየፍላሹ ይቀራል። ጡብ አታስገቡ፣ እየተፈረፈረ ጎማውን ያበላሻል። ከዛ በተሻለ ግን የገላና የልብስ እጣቢን በባልዲ ማፍሰስ ነው፣ ንጹህ ውሃ ለሽንት ቤት የሚሄድበት ምንም ምክንያት የለም። ሻወር ስር ሰፊ ገበቴ አስቀምጣችሁ ቁሙ፣ እየረጠባችሁ ክፈቱ፣ ሳሙና ስትቀቡ ዝጉ፣ ስትለቃለቁ ክፈቱ፣ የገበቴው ውሃ ሽንት ቤት ነው የሚሄደው። ልብስ ማሽኑ ሳይሞላ አይከፈት። እቃ በሚፈስ ውሃ አይታጠብ፣ ሁለት ሳፋ ይበቃል፣ አንዱ በሳሙና አንዱ ለመለቅለቂያ፣ የምግብ ትራፊውን አስቀድማችሁ ጥረጉት፣ ሳፋው ቶሎ አይቆሽሽም።

እጣቢ ውሃ

የገላ፣ የልብስ፣ የእጅ እጣቢ ለተክል ይሆናል፣ ግን በጥንቃቄ። ከ24 ሰአት በላይ አታስቀምጡት፣ ይሸታል፣ ጀርም ይራባበታል። ስሩ ላይ አፍስሱት እንጂ ቅጠል ላይ አትርጩ፣ በጥሬው የሚበላ አትክልት ላይ ጭራሽ አታድርጉ። የዳይፐር ወይም የታመመ ሰው ልብስ የታጠበበት ውሃ ሽንት ቤት ውስጥ ይግባ። የወጥ ቤት ቅባት የበዛበት ደሞ አፈሩን ይደፍነዋል፣ እሱንም ተዉት። የሳሙና ጨው አፈር ውስጥ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ቦታ እየቀያየራችሁ አፍስሱ፣ ሲዘንብ ደሞ ዝናቡ ያጥበዋል። በረኪና የገባበትን ለተክል አትጠቀሙ።

የተጠራቀመ ውሃ

በሞቃት ደረቅ ወቅት ክፍት የሆነ ውሃ በቀን 5 ሚሊሜትርና ከዛ በላይ በትነት ሊያጣ ይችላል፣ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን አፉ 2 ካሬ ሜትር የሆነ ገንዳ ላይ 5 ሚሊሜትር ማለት 10 ሊትር ነው፣ በየቀኑ፣ ማንም ሳይጠቀምበት። ክዳን አድርጉ፣ ክዳን ከሌለ ላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩበት፣ ከላይም ጥላ ስሩለት። ክዳን ለሌላም ነገር ይጠቅማል፣ ሰው ውሃ ማጠራቀም ሲጀምር ትንኝ ይመጣል፣ ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈዋ ትንኝ ደሞ በተለይ በርሜልና ባልዲ ውስጥ ያለ ንጹህ ውሃ ነው የምትወደው፣ ከእንቁላል እስከ ትንኝ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ስለዚህ እቃው በሳምንት አንዴ ባዶ ይሁንና ውስጡ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተግ፣ እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ማፍሰስ ብቻ አይበቃም። የምታፈሱት ውሃም ለሽንት ቤት ይሆናል።

የሚጠጣው ለብቻው ይቀመጥ፣ አፉ ጠባብ በሆነ እቃ፣ ኩባያ እየነከሩ ሳይሆን እያንቆረቆሩ የሚቀዳበት። ከተጠራጠራችሁ አፍሉት፣ በደንብ ፈልቶ 1 ደቂቃ፣ ከፍታ ቦታ ላይ፣ ማለትም ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ። ማገዶ ወይ መብራት ካጠረ ሽታ የሌለው 5 ወይ 6 ፐርሰንት የሆነ በረኪና በ1 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ ላይ 2 ጠብታ አድርጋችሁ አማስላችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ውሃው ደፍረስ ካለ መጀመሪያ በጨርቅ አጥሩትና ጠብታውን እጥፍ አድርጉት። ወይም ደሞ ጥርት ያለ ውሃ ብርሃን በሚያሳልፍ፣ ቀለም በሌለው፣ ከ2 ሊትር ባልበለጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ ፀሀይ ላይ አጋድሙት፣ ጥሩ ፀሀይ ከሆነ 6 ሰአት፣ ደመና ከበዛ ሁለት ቀን። እና አንድ ነገር፣ ጠፍቶ የሰነበተ ቧንቧ ሲመጣ የመጀመሪያውን ውሃ አትጠጡት፣ ፓይፑ ባዶ ሲሆን በየስንጥቁ ከውጪ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል፣ የደፈረሰውን ለሽንት ቤት ያዙትና ሲጠራ ለመጠጥ ቅዱ።

ጎረቤት መሰብሰብ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ስብሰባው አጭር ይሁን፣ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ፣ ወረቀቱ ላይ የአንድ ሳምንት ልኬት ይኑር። ስንት ሰው አለ፣ ውሃው ከየት ነው፣ ስንት ቀን ያቆያል። ስሌቱ ቀላል ነው፣ ሮቶው 10,000 ሊትር ይዞ 40 ሰው በቀን 50 ሊትር ከተጠቀመ 5 ቀን ነው፣ በ25 ሊትር 10 ቀን ነው። ይሄን ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ሰዉ ራሱ ይወስን፣ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ከሆነ ሰው መሸወጃ ነው የሚፈልገው።

የጋራ ሀብት ላይ ብዙ ያጠናችው ኤሊኖር ኦስትሮም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው የመጀመሪያዋ ሴት፣ በተለያየ አገር የመስኖ፣ የግጦሽ፣ የአሳ ማስገሪያ ማህበሮችን ስታይ ለረጅም ጊዜ የዘለቁት ላይ የሚመሳሰል ነገር አግኝታለች፦ ማን ተጠቃሚ እንደሆነ የታወቀ ነው፣ ህጉን ያወጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው፣ ተቆጣጣሪውም ከነሱ መሃል ነው፣ ቅጣቱ ከትንሽ ጀምሮ እየከበደ ይሄዳል፣ ጸብ ሲነሳ ደሞ እዛው በቅርብ ቶሎ ይፈታል። ይሄን ለውሃችሁ ተርጉሙት። መጀመሪያ ያጠፋ ሰው በሰላም ይነገረው፣ ምናልባት ቤቱ እንግዳ አለ፣ ምናልባት ታማሚ አለ፣ ምናልባት ቧንቧው ያፈሳል፣ ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ስብሰባ ላይ ይነሳ፣ ሶስተኛ ከሆነ ተራው ወደ መጨረሻ ይሂድ። ውሃ ጭራሽ መከልከል ግን ቅጣት መሆን የለበትም።

ድርሻው በቤት ሳይሆን በሰው ይሁን፣ ስምንት ሰው ያለበትና ሁለት ሰው ያለበት ቤት እኩል ጀሪካን መስጠት እኩልነት አይደለም። ህጻን ላላቸው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለታመመ፣ ለአልጋ ቁራኛ ተጨማሪ መመደቡን ከመጀመሪያው ጻፉት፣ በኋላ እንደ ውለታ እንዳይታይ። ጀሪካን መሸከም ለማይችል ሰው ማን እንደሚያደርስለት በስም ይጻፍ።

ወረፋ ላይ ስፊር ጥሩ ቁጥር አለው፣ በአንድ ቧንቧ ከ250 ሰው በላይ እንዳይጠቀም፣ በእጅ ፓምፕ ከ500፣ በክፍት ጉድጓድ ከ400፣ ሰው ከ30 ደቂቃ በላይ ወረፋ እንዳይቆም፣ መቅጃውም ከቤቱ ከ500 ሜትር እንዳይርቅ። ከዚህ ካለፈ ሰአት ከፋፍሉ፣ ይሄ መንገድ ጠዋት፣ ያኛው ከሰአት በኋላ። በጨለማ ወረፋ አታድርጉ፣ ሴቶችና ልጆች ናቸው የሚጎዱት። ከብት ካለ ገንዳው ከሰው መቅጃ ራቅ ብሎ ከታች በኩል ይሁን፣ በችግር ጊዜ ለአንድ ትልቅ ከብት በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር፣ ለበግና ፍየል 5 ሊትር ብላችሁ ከሰው ድርሻ ለይታችሁ አስሉ፣ ካልለያችሁት ከህጻናት ነው የሚቀነሰው።

ቁጥሩን ማሳየት ምን ያህል እንደሚሰራ የደቡብ አፍሪካዋ ከተማ ኬፕታውን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነበረው ድርቅ ግድቦቹ ወርደው ቧንቧ የሚዘጋበት ቀን እየተቆጠረ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2018 ጀምሮ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ተወሰነ፣ ከተማው የግድቦቹን መጠን በየሳምንቱ ያወጣ ነበር፣ ከገደቡ በታች የተጠቀሙ ቤቶችንም በካርታ ላይ በአረንጓዴ ነጥብ ያሳይ ነበር፣ የመስመሩንም ግፊት ቀነሱ። ያ ቀን ሳይደርስ ቀረ። እናንተ ካርታ አያስፈልጋችሁም፣ መቅጃው ጋ አንድ ሰሌዳ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ እዛም ላይ፣ በየማታው ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ ሮቶው ውስጥ የቀረው፣ ዛሬ የወጣው። የቤቶችን ስም ለማሳፈር አትለጥፉ፣ ስም ሲለጠፍ ሰው ጉዳዩን ትቶ ወደ ጸብ ነው የሚሄደው።

ጉድጓድ ካላችሁ

ቀጭን ገመድ ጫፍ ላይ ንጹህ ክብደት እሰሩ፣ ገመዱን በየግማሽ ሜትሩ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ጠዋት በማለዳ፣ ማንም ሳይቀዳ በፊት፣ ክብደቱ ውሃውን እስኪነካ ልቀቁት፣ ድምጹንም ትሰሙታላችሁ፣ ገመዱም ላላ ይላል፣ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ስንት ሜትር እንደሆነ አንብቡና ከነቀኑ መዝግቡ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀንና ሰአት። ማለዳ የሚሆነው ጉድጓዱ ሌሊቱን አርፎ የሚደርስበትን ልክ ስለምታዩ ነው፣ ቀን ላይ ከለካችሁ ገና የተቀዳበትን ነው የምታዩት። ከሳምንት ሳምንት እየራቀ ከሄደ ከሚገባው በላይ እየወጣ ነው፣ ያኔ ማታ ማታ መቅዳት አቁሙና አሳርፉት። ሞተር ፓምፕ ካለ ውሃ በሌለበት እንዳይሰራ ተጠንቀቁ፣ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ከዛ ውሃ እያለም ማውጫ ታጣላችሁ።

ተክል

ሁሉን ማዳን አይቻልም፣ ምረጡ። ዛፍ መጀመሪያ፣ ዛፍ ከሞተ ለመተካት አመታት ይፈልጋል፣ ሳር ግን ቢደርቅም ብዙ ጊዜ ዝናብ ሲመጣ ከስሩ ይመለሳል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ውሃውን ላይ ላዩ ብቻ ያስቀረዋል፣ ስሩም ወደ ላይ ይመጣና ይበልጥ ፀሀይ ይመታዋል፣ በሳምንት አንዴ ቀስ ብሎ በጥልቀት ማጠጣት ይሻላል፣ ማታ ወይ ጎህ ሲቀድ። ከስሩ ዙሪያ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ ሳር ወይ ቅጠል ጎዝጉዙ፣ ግንዱን ሳያስነኩ። ያልተወለወለ የሸክላ ማሰሮ ካገኛችሁ እስከ አንገቱ ድረስ ተክሉ አጠገብ ቅበሩት፣ ውሃ ሞልታችሁ ክደኑት፣ ሸክላው በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ለስሩ ያስተላልፋል፣ አፈሩ ሲደርቅ ይበልጥ ይለቃል፣ አፈሩ ሲረጥብ ይቀንሳል።

ዝናቡን ተዘጋጅቶ መጠበቅ

የደረቀ መሬት ውሃ ቶሎ አይጠጣም፣ ላዩ ስለሚደድር የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቁፋሮው አሁን በደረቁ ጊዜ ነው። ተዳፋት ላይ ውሃውን አግዶ መሬት ውስጥ የሚያሰርግ ቦይ በእኩል ከፍታ መስመር መውጣት አለበት፣ ለዚህ ሁለት እኩል እንጨት አናታቸው ላይ አገናኝታችሁ፣ መሃሉን በአግዳሚ አስራችሁ፣ ከአናቱ ድንጋይ በክር አንጠልጥሉ፣ የ"ኤ" ቅርጽ ያለው ነገር ይሆናል። ክሩ የአግዳሚውን መሃል ሲመታ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፣ አንዱን እግር እያዞራችሁ ምልክት እያደረጋችሁ ሂዱ። ቦዩን ስትቆፍሩ አፈሩን ወደ ቁልቁለቱ በኩል ከምሩ።

ጣሪያ ደሞ ቀላል ሂሳብ አለው፣ 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊሜትር ከዘነበ 500 ሊትር ነው፣ የሚረጨውና የሚፈሰው ተቀንሶ ወደ 400 ትይዛላችሁ። አሸንዳውን አሁን ጥረጉ፣ ተዳፋቱን አስተካክሉ፣ መጋጠሚያውን ዝጉ፣ ወደ ሮቶው መግቢያ ላይ ወንፊት አድርጉ። የመጀመሪያው ዝናብ የወራት አቧራና የወፍ ኩስ ነው የሚያጥበው፣ ለ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ25 እስከ 50 ሊትር ያህሉን ወደ ሌላ በርሜል አዙሩና ለተክል አድርጉት፣ ከዛ በኋላ ነው ቱቦው ወደ ሮቶ የሚዞረው። ማን እንደሚያዞረው ከአሁኑ ተነጋገሩ፣ ዝናቡ ሌሊት ሊመጣ ይችላል።